ሁለት ባላ ወይስ ከሁለት ያጣ?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በመፈጸም ላይ የሚገኝ ወጣት ከሚያጋጥሙት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ «ከእንግዲህ ምን ልማር?» የሚለው ነው። ጥያቄው በአንድ መሥመር ይጻፋል፤ መልሱ ግን የወላጅን ጥሪት፣ የወጣቱን የጉልምስና ዘመንና ያሳደገውን ማኅበረሰብ ተስፋ አብሮ የሚያስይዝ ስለሆነ በችኮላ ወይም በይሉኝታ ሊሰጥ አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህኑ ጥያቄ አንድ ገጽታ ነው፤ ይኸውም ሜካትሮኒክስ ምህንድስና የሚባለውን የትምህርት ዘርፍ መምረጥ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ሥፍራ ይዘን እንነጋገር። የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በሆነችው በጁባ ደቡባዊ ክፍል፣ ከነጭ ዓባይ በስተምዕራብ፣ ሎሎጎ የሚባል ሰፈር አለ። በጁባ ከአገሬው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው በንግድ፣ በሆቴልና በምግብ ቤት፣ በማመላለሻና በግንባታ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። እንግዲህ ከእነዚህ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ የሆነ፣ በሎሎጎ የሚኖርና በዚህ ዓመት ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርስ አንድ ተማሪ በሐሳባችን እንሣል። ልጁ ሒሳብና ፊዚክስ ይወዳል፤ የተበላሸ ሬዲዮ ካገኘም ሳይፈታው አያልፍም። ሜካትሮኒክስ መማር እንደሚፈልግ ሲናገር አባቱ፣ «ልጄ፣ ስሙን ለመጥራት እንኳ የሚያስቸግር ትምህርት ተምረህ ማን ይቀጥርሃል? ወይ መካኒክነቱን፣ ወይ ኤሌክትሪኩን፣ አንዱን ያዝ» ይሉታል። እናቱ ደግሞ፣ «የወደደውን ይማር እንጂ! ያልወደዱት ትምህርት መቼ ይዘልቃል?» ሲሉ ይከራከሩለታል። ሁለቱም የሚናገሩት በፍቅር ነው፤ ሁለቱም ከእውነቱ ድርሻ ድርሻቸውን ይዘዋል። ታዲያ ልጁ የማንን ይስማ?

ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት የትምህርቱን ምንነት ማወቅ ያስፈልጋል። ሜካትሮኒክስ የሚለውን ቃል የፈጠሩት ቴትሱሮ ሞሪ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1969 ነበር። ሰውየው ይሠሩ የነበረው ያስካዋ በሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ኩባንያ ውስጥ ነው። ቃሉ «ሜካኒክስ» እና «ኤሌክትሮኒክስ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ተቆርጦ የተቀጠለ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ የኮምፒውተርና የቁጥጥር ትምህርትም ተጨምሮበታል። በአጭሩ ሜካትሮኒክስ ማለት የሚንቀሳቀሰውን የማሽን ክፍል፣ የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሁኔታውን የሚያነብበውን መሣሪያና ትእዛዝ የሚሰጠውን ኮምፒውተር እንደ አንድ አካል አድርጎ የሚያጠና የምህንድስና ዘርፍ ነው። አጥንትንና ጡንቻን፣ ነርቭንና አንጎልን ለየብቻ ሳይሆን አብረው ሲሠሩ የሚመለከት ሐኪም እንደማለት ነው።

የሐሳቡ መሠረት ግን ከቃሉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1788 ጄምስ ዋት በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች ገጠመ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠብባሉ፤ ሲዘገይ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰበሰቡና መግቢያውን ያሰፋሉ። በዚህ ዘዴ ማሽኑ የራሱን ፍጥነት ራሱ ይጠብቃል። ዛሬ በጁባ በየግቢው የሚያጓራው ጄኔሬተርም በመሠረቱ ይህንኑ ያደርጋል። በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. 33 ሜጋ ዋት የሚሰጥ በናፍጣ የሚሠራ ማመንጫ እስከ ተመረቀበት ጊዜ ድረስ፣ በጁባ መብራት የነበረው ቤትና ድርጅት በአብዛኛው የሚጠቀመው በግል ጄኔሬተር ነበር።

የዚህን ማሽን አሠራር ልብ ብለን እንመልከት። ባለ 4 ዋልታ ጄኔሬተር 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ዘንጉ በደቂቃ 1,500 ጊዜ መዞር አለበት። አምፖሉና ማቀዝቀዣው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ጭነቱ ይበዛና ሞተሩ መዘግየት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ የፍጥነት ጠባቂው ናፍጣ ይጨምርለታል፤ የቮልቴጅ ጠባቂው ደግሞ ቮልቴጁ እንዳይወርድ ያደርጋል። አንደኛው የሞተር ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም ግን በአንድ ዘንግ የታሰሩ ናቸው። መብራቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጥፋቱ ከየትኛው ወገን እንደመጣ መለየት የሚችለው ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው።

ከዚህ የሚከብድ ምሳሌ እንውሰድ። ሳንባው ለታመመ ሰው ከአየር ላይ ኦክስጅን ለይቶ የሚሰጥ መሣሪያ በብዙ የሕክምና ቤቶች ይገኛል። እንደሚታወቀው ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። መሣሪያው አየሩን ይጨምቅና ዚዮላይት የሚባል ማዕድን ባለበት ዕቃ ውስጥ ያሳልፈዋል። ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፤ የሚወጣውም አየር ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይሆናል። አንዱ ዕቃ በናይትሮጅን ሲሞላ ቫልቮች ተገላብጠው አየሩን ወደ ሁለተኛው ዕቃ ይልኩታል፤ የመጀመሪያውም በዚህ መካከል ይጸዳል። የቫልቮቹን ተራ የሚጠብቀው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው።

አሁን ይህ መሣሪያ ተበላሽቶ የሚሰጠው አየር ኦክስጅኑ አነሰ እንበል። መካኒኩ ይጠራል፤ አየር መጭመቂያውን መርምሮ «የእኔ ክፍል ደኅና ነው» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ ይጠራል፤ በቴስተሩ ለክቶ «ኤሌክትሪኩ በሚገባ ይደርሰዋል፤ የእኔም ደኅና ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ጥፋቱ ያለው በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በቫልቮቹ ተራ መዛባት ላይ ነው። መካከሉ ደግሞ ባለቤት የለውም። መሣሪያው ጨርቅ ለብሶ ከግድግዳ ይጠጋል፤ በሽተኛውም የሌላውን ተራ ይጠብቃል። ለሁለት ባለሙያዎች የተካፈለች አንዲት ማሽን ለማንም ሳትሆን ትቀራለች ማለት ነው።

እንግዲህ የሜካትሮኒክስ ትምህርት ዋናው ዋጋ ይህን ባለቤት የሌለውን መካከል መያዙ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎች ትምህርቱን ከሮቦት ጋር ብቻ ስለሚያያይዙት፣ «በጁባ ሮቦት የሚገጥም ፋብሪካ የለ፤ ታዲያ ተምሮ የት ሊሠራበት ነው?» ሲሉ ይደመጣሉ። ይህ ክርክር ከስሙ እንጂ ከሥራው የተነሣ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የጭነት መኪናን እንመልከት። የቀድሞው መኪና ሕመሙ ከድምፁና ከጭሱ ቀለም ይታወቅ ነበር። ብዙው የዛሬ ናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጨው በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። አንዲት ቀጭን ሽቦ ብትበጠስ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናው ከመንገድ ዳር ይቆማል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ ጉድጓዱ ሲደርቅ ፓምፑ እንዳይቃጠል የሚያቆመው ውኃውን የሚያነብብ መሣሪያ ነው። ስለሆነም ፋብሪካ በሌለበት አገር ይህ ዕውቀት ሥራ ያጣል ማለት ስሕተት ነው። ፋብሪካ ባለበት አገር አንድ ማሽን ቢበላሽ ሌላ ይተካል፤ መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት አገር ግን አንዲት ማሽን ስትቆም አንድ ሰፈር ውኃ ያጣል።

ከሎሎጎ ብዙም ሳይርቅ በነጭ ዓባይ ላይ የተዘረጋው የነፃነት ድልድይም ለዚህ ነገር ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። 560 ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻና በ2016 በተነሡት ግጭቶች እየተቋረጠ፣ በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። ድልድይ አንድ ጊዜ በሚገባ ከቆመ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ከሩቅ አገር የመጣ መሐንዲስም ሠርቶት ሊሄድ ይችላል። በድልድዩ ላይ የሚመላለሱት መኪናዎች፣ በሁለቱ ዳርቻዎች የሚሠሩት ፓምፖችና ጄኔሬተሮች ግን በየቀኑ የሚያያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው ከሩቅ ሊመጣ አይችልም፤ ከዚያው ከሚኖሩት መካከል መገኘት አለበት።

ይሁንና የአባትየውን ሥጋት አቃልለን ልናልፈው አይገባም። አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል። እነዚያው አበው ግን ሁለት ነገር ለመያዝ ሲል ሁለቱንም ያልጨበጠውን «ከሁለት ያጣ ጎመን» ብለው ተርተውበታል። ሜካትሮኒክስም እንደ ተማሪው አያያዝ ሁለት ባላ ወይም ከሁለት ያጣ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ሞተር፣ ስለ ኤሌክትሮኒክስ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ቁጥጥር ሁሉ የሚማር ሰው ከእያንዳንዱ ቀምሶ ከአንዱም ሳይጠግብ የመውጣት አደጋ አለበት። ቀጣሪውም ቢሆን ማስታወቂያውን በሚያወጣበት ጊዜ «መካኒካል መሐንዲስ» ወይም «ኤሌክትሪካል መሐንዲስ» ብሎ መጻፍ የለመደ ስለሆነ፣ አዲሱን ስም ሲያይ ሊያመነታ ይችላል። እነዚህ ሁለት ሥጋቶች እውነተኛ ናቸው።

ለመጀመሪያው ሥጋት መድኃኒቱ አንዱን እግር በጥልቀት መትከል ነው። ተማሪው ሜካትሮኒክስን ቢመርጥም ከሁለቱ ሙያዎች አንዱን፣ ማለትም ወይ መካኒኩን ወይ ኤሌክትሪኩን፣ በማንም ፊት ሊሠራበት እስከሚችል ድረስ ማወቅ ይገባዋል። ሌላው ዕውቀት በዚያ ላይ የሚገነባ ይሆናል። ከአንድ ጠባብ ሙያ ተነሥቶ ወደ ሰፊው መድረስ እንደሚቻል የዶክተር ቅጣው እጅጉ ሕይወት ያስረዳል። በከፋ፣ በቦንጋ የተወለዱት እኒህ ሰው ሙያ የጀመሩት ከሰማይ ሳይሆን ከእርሻ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ይህንኑ ሙያ ተማሩ፤ በስኳር ፋብሪካም አገለገሉ። ከዚያም ወደ ጃፓን ሄደው ቋንቋውንና ምህንድስናውን አጠኑ፤ በመጨረሻም በአሜሪካ በቦይንግ ኩባንያና በጠፈር ምርምር ሥራ እስከ መሳተፍ ደረሱ። ያረፉት በ1998 ዓ.ም. ነው። ከትራክተር እስከ ሕዋ መንኰራኩር ያለው መንገድ የተጀመረው አንዱን ነገር አጥብቆ ከማወቅ እንደሆነ ልብ ይሏል።

ለሁለተኛው ሥጋት፣ ማለትም ለስሙ ጉዳይ፣ መፍትሔው ከስሙ ይልቅ የትምህርቱን ዝርዝር ማንበብ ነው። በአንዱ አገር ሜካትሮኒክስ የሚባለው በሌላው ሌላ ስም ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በጃፓን እርዳታ የተቋቋመውና በናይሮቢ አቅራቢያ፣ በጁጃ የሚገኘው የጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በሜካትሮኒክስ ስም ይሰጣል። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለዚሁ የሚቀርበውን ትምህርት ኤሌክትሮሜካኒካል ምህንድስና ይለዋል። በሁለቱም አገሮች የምህንድስና ትምህርት አምስት ዓመት ያህል ይወስዳል። ለሎሎጎው ተማሪ ሁለቱም መንገዶች ይታሰባሉ፤ ነገር ግን ከአገር ውጭ የተገኘ ዲግሪ በኢትዮጵያ እንዲሠራበት ከተፈለገ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ብልህነት ነው። በሽሮውም ሆነ በትምህርቱ፣ መጥኖ መደቆስ ከመጣዱ በፊት ነው።

እስካሁን ካልነው ተነሥተን ምርጫው የሚመዘንባቸውን ነጥቦች እንዘርዝር። አንደኛ፣ ተማሪው ሒሳብና ፊዚክስን ለፈተና ያህል ብቻ ሳይሆን ከልቡ ይወድዳቸዋልን? የቁጥጥር ትምህርት በሙሉ የቆመው በሒሳብ ላይ ስለሆነ ይህ ፍቅር የሌለው ሰው አምስቱን ዓመት በመከራ ያሳልፋል። ሁለተኛ፣ እጁን በቅባት ለማቆሸሽ ፈቃደኛ ነውን? ካቻቢቴ ጨብጦ የማያውቅ፣ ኩሽኔታ ሲያልቅ የሚሰጠውን ድምፅ ለመስማት ጆሮውን የማያቀርብ መሐንዲስ በወረቀት ላይ ብቻ መሐንዲስ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሊገባበት ያሰበው ተቋም ቶርኖና የብየዳ ክፍል፣ የኤሌክትሮኒክስ መሥሪያና የሚያሠራ መምህር አለውን? ያለ ሥራ ክፍል የሚሰጥ ሜካትሮኒክስ ያለ ውኃ እንደሚሰጥ የዋና ትምህርት ነው። አራተኛ፣ ወላጆች ወጪውን እስከ መጨረሻው መቻል ይችላሉን? በሦስተኛው ዓመት የሚቋረጥ ትምህርት ገንዘቡንም ዕድሜውንም ይዞ ይሄዳልና።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ያልተሟሉለት ተማሪ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም። ወደዚሁ ሙያ የሚያደርስ ሌላ በር አለ፤ ይኸውም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ለብዙ ትውልድ መካኒኮችና ኤሌክትሪሺያኖች መነሻ ሆኗል። በእኛ ዘንድ ግን ይህ በር ለወደቀ ተማሪ የተተወ የጓሮ በር ተደርጎ የመታየት መጥፎ ልማድ አለ። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የምናስታውስ ሁሉ፣ የቀሩት ወጣቶች ዕድል በአንድ በር ብቻ ሊወሰን እንደማይገባ እንረዳለን። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ በጋራዥ ወይም በፓምፕ ጥገና ሠርቶ፣ ራሱን እየረዳ ወደ ምህንድስና የሚያድግ ወጣት ከክፍል በቀጥታ ከመጣው ጓደኛው የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ማሽን እንዴት እንደሚታመም አስቀድሞ ያውቃልና።

እዚህ ላይ ስለ ወላጆችም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በሰው አገር ሠርቶ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ቶሎ እንጀራ የሚሆን ትምህርት ቢመኝ አይፈረድበትም። ልጁም ይህን ምኞት እንደ ጭቆና መቁጠር የለበትም። ነገር ግን የሙያን ስም ከጎረቤት ልጅ ደመወዝ ጋር ብቻ እያስተያዩ መምረጥ የሚያሳስት ነው፤ የዛሬው ደመወዝ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አይታወቅምና። ይልቅስ ወላጅና ልጅ አብረው ተቀምጠው፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ነጥቦች አንድ በአንድ ቢያነሡ፣ የሚቻል ሲሆንም ሙያውን በሥራ ላይ ያለ ሰው ቢጠይቁ፣ ክርክሩ ወደ ምክክር ይለወጣል።

እንግዲህ የሎሎጎው ተማሪ ምን ይወስን? በበኩሌ መልሴ ይህ ነው። ሒሳቡን ከወደደ፣ እጁም ለሥራ ካልሰነፈ፣ የሚገባበትም ተቋም በእርግጥ የሚያሠራ ከሆነ፣ ሜካትሮኒክስን ይማር። ሲማርም ከሁለቱ ሙያዎች አንዱን እንደ ዋና ምሰሶ ይትከል። የአባቱን ቃል በዚህ ይጠብቃል፤ የእናቱንም ቃል በዚያ ይፈጽማል። ሁኔታው ካልተመቻቸለት ደግሞ በአንዱ ሙያ ይጀምርና ወደ ሁለተኛው ይሻገር። የሚያዋርደው በአነስተኛ ሙያ መጀመር ሳይሆን ትልቅ ስም ይዞ ማሽን ፊት እጅ አጣጥፎ መቆም ነው።

እናንተም ይህን የምታነብቡ ተማሪዎች፣ በሰፈራችሁ ቆመው የቀሩትን ማሽኖች ዞር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። የወፍጮውን ሞተር፣ የትምህርት ቤቱን ፓምፕ፣ የጤና ጣቢያውን ማቀዝቀዣ እዩ። እያንዳንዱ ለምን እንደቆመ ጠይቁ። መልሱ «መካኒኩ የኤሌክትሪክ ነው አለ፤ ኤሌክትሪሺያኑ የመካኒክ ነው አለ» የሚል ከሆነ፣ ባለቤት ያጣውን መካከል አግኝታችኋል። ያንን ለመያዝ የሚጓጓ ልብ ያለው ተማሪ ምን መማር እንዳለበት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምልክት አያስፈልገውም።